ደመ ከልብ

ውሻችን ሁለት ስም ነበረው። አዲስ አበባ ሲወለድ ‹‹ሮኪ›› ተባለ፤ ጥርባ ሲደርስ ‹‹አይተናል›› ሆነ። ይህን ሁለተኛውን ስም ያወጡለት አያታችን ናቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። አያታችን ከጎረቤታቸው ጋር በድንበር ተኳርፈዋል። ፊት ለፊት መናገር ደግሞ ለእሳቸው ዕድሜና ክብር አይሆንም። ስለዚህ ማታ ማታ ደጅ ቆመው ድምፃቸውን ከፍ ያደርጉና ‹‹አይተናል! ና ግባ! አይተናል!›› እያሉ ውሻ ይጠራሉ። ውሻውም ይገባል፣ ጎረቤትም ይሰማል።

ከተሜ ወዳጆቻችን ይህን ስታነቡ እንደምትስቁ እናውቃለን። እኛም ስቀናል። ግን በአገራችን ገጠር ውሻ የጋዜጣ ሥራም ደርቦ ይሠራል። (እኛ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ጋዜጠኝነት ተምረን ያላገኘነውን ታማኝ አንባቢ አያታችን በአንድ ውሻ አግኝተዋል ማለት ነው።)

አይተናል ክልስ ነበር። እናቱ ጀርመን ሼፐርድ፣ አባቱ ደግሞ ማንነቱ በውል ያልታወቀ የሰፈር ሀበሻ ውሻ። አንድ ጆሮው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሌላው ይታጠፋል። አጎታችን በ2005 ዓ.ም. በካርቶን አድርጎ በአውቶቡስ ወደ አዊ ዞን ሲያመጣው ሰው ሁሉ ‹‹የፈረንጁን ውሻ›› ሊያይ ተሰበሰበ። ስድስት ወር ሲሞላው አንድ ነገር ታየ። ማንም ሳያስተምረው የአያታችንን በጎች እየዞረ መሰብሰብ ጀመረ። በግ ከመንጋው ፈንጠር ካለች ከኋላዋ ዞሮ ይመልሳታል። አይነክስም፣ ብዙም አይጮህም። አያታችን ‹‹ይኼ የሰው ነፍስ አለበት›› አሉ።

የሰው ነፍስ ሳይሆን የአያቶቹ ሥራ ነበር። ጀርመን ሼፐርድ የሚባለው ዘር እ.ኤ.አ. በ1899 ማክስ ፎን ስቴፋኒትዝ የተባለ የጀርመን የጦር መኮንን ከበግ ጠባቂ ውሾች መርጦ ያቋቋመው ነው። ‹‹ሼፐርድ›› ማለትም እረኛ ማለት ነው። እኛ አዲስ አበባ ላይ ይህን ውሻ የምናውቀው በቪላ በር ላይ በሰንሰለት ታስሮ ስለሆነ እረኝነቱ ተረስቶናል። ጥርባ ላይ ግን በግ ስላገኘ የቀድሞ ሥራው ትዝ አለው።

አሁን ስለ ዘር ትንሽ እናውራ፤ ምክንያቱም እኛ ከተሜዎቹ በዚህ ጉዳይ የተገላቢጦሽ ነው የምናስበው። ‹‹ውሻህ ምንድን ነው?›› ሲባል ‹‹ኧረ ዝም ብሎ ሀበሻ ነው›› ብለን አንገት እንደፋለን። ሀበሻ ውሻ ከየትም የተደባለቀ፣ የፈረንጁ ውሻ ደግሞ ጥንታዊና ንጹሕ ይመስለናል። ታሪኩ ሌላ ነው። ሰውና ውሻ አብረው መኖር ከጀመሩ ከ15 ሺህ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ዛሬ በስም የምናውቃቸው አብዛኞቹ ዘሮች ግን የተፈጠሩት ባለፉት 200 ዓመታት ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ትልቅ የውሻ ውድድር በእንግሊዝ ኒውካስል የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1859፣ የእንግሊዝ የውሻ ዘር መዝጋቢ ክበብ የተቋቋመው በ1873 ነው። ማለትም አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲወድቁ ዶበርማን የሚባል ውሻ ገና አልነበረም፤ የሰፈራችን ውሻ ቅድመ አያቶች ግን ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ2009 ተመራማሪዎች በግብፅ፣ በኡጋንዳና በናሚቢያ የሚኖሩ የመንደር ውሾችን ዘረመል መርምረው ነበር። ብዙዎቹ የአውሮፓ ዘሮች ጭማቂ ሳይሆኑ የራሳቸው ረጅም ታሪክ ያላቸው አፍሪካዊ ውሾች ሆነው ተገኙ። የኢትዮጵያ ውሾች በዚያ ጥናት ውስጥ የሉም፤ የግብፅና የኡጋንዳ ውሾች ግን ጎረቤቶቻችን ናቸው። ስለዚህ ክልስ የሚባለው የሰፈራችን ሀበሻ ውሻ ሳይሆን እንደ አይተናል ያለው ነው፤ አንድ እግሩ በመንደር፣ አንድ እግሩ በመዝገብ።

የሚገርመው ደግሞ ስማችንን ያገኘችው ድመት መሆኗ ነው። ‹‹የአቢሲኒያ ድመት›› የምትባለው በዓለም የታወቀች ዘር አለች። ከ1868ቱ (እ.ኤ.አ.) የመቅደላ ዘመቻ በኋላ ከዚህ ወደ እንግሊዝ ተወሰደች የሚል ታሪክ ይነገርላታል፤ ዘረመሏ ግን ወደ ህንድ ውቅያኖስ ዳርቻዎች ያመለክታል። ድመቷ ሳትወለድብን በስማችን ትጠራለች፤ ውሻችን እዚሁ ተወልዶ ስም የለውም። ከጥርባ ብዙ ሳንርቅ ፈረስን ብናይ እንኳ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ማኅበር አላቸው፤ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረሱ ተሸልሞ፣ አጊጦ ይወጣል። ውሻ በዚያ ቀን አጥር ሥር ተኝቶ ያያል።

ውሻ ክብር ያገኘበት ቦታ አንድ ነው፤ ቤተ መንግሥት። ትልልቆቻችሁን ብትጠይቁ የአፄ ኃይለ ሥላሴን ‹‹ሉሉ›› ያስታውሳሉ። ትንሽ፣ በንጉሠ ነገሥቱ እግር ሥር ፎቶ የምትነሳ ውሻ። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው ስለ ንጉሠ ነገሥቱ የሚተርክ መጽሐፉ ውስጥ ሉሉ የመኳንንቱ ጫማ ላይ እንደምትሸና፣ አንድ አሽከርም ለ10 ዓመት ሥራው ያንን በጨርቅ መጥረግ እንደነበረ ጽፏል። ዓለም ይህን ወሬ ወዶት ቀረ። ቤተ መንግሥቱን የሚያውቁ ብዙ ኢትዮጵያውያን ግን መጽሐፉ ውስጥ ብዙ ነገር አይመስልም ይላሉ። እኛም በሙያችን እንፈርዳለን፦ ምንጮቹ ሁሉ በስማቸው የመጀመሪያ ፊደል ብቻ የሚጠሩ፣ ሁሉም እንደ አንድ ሰው የሚያወሩ ናቸው። በትምህርት ቤት ብናቀርበው መምህራችን ይመልሱልን ነበር።

ከጫማው ወሬ ይልቅ ብዙ መዘዝ ያመጣ ሌላ የውሻ ምስል አለ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ እ.ኤ.አ. በ1973 በወሎ የነበረውን ረሃብ ፊልም ቀርጾ ለዓለም አሳየ። ደርግ ያንን ፊልም ወሰደና በመሃል በመሃሉ የቤተ መንግሥት ድግስ፣ ሻምፓኝ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚያሳይ ምስል አስገባበት። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ በዘመን መለወጫ፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተላለፈ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን ተጭነው ሄዱ። አንድ ሕፃን ሲራብ፣ ቀጥሎ ውሻ ሥጋ ሲበላ። ከዚያ በላይ ምን ንግግር ያስፈልጋል?

ይህን ምስል አናቃልለውም፤ የሞተው ሰው እውነት ነው። ግን እኛ ከእሱ ብዙ ዓመት በኋላ የተወለድነው ልጆችም የወረስነው ይመስለናል። ውሻ ማስከተብ፣ ውሻ ሐኪም ቤት መውሰድ በአገራችን አሁንም ትንሽ ያሳፍራል። ‹‹ሰው ሳይበላ?›› የሚል ዓይን ያያችኋል። እኛም ራሳችን ያን ዓይን አንዳንዴ እናበራዋለን። ለዚህ ነው የአይተናልን ነገር ልንነግራችሁ የተነሳነው።

ነሐሴ 2006 ዓ.ም. ነው። ዝናብ። እኛ ለክረምት አያታችን ዘንድ ነበርን። አይተናል ሁለት ቀን ጠፍቶ ሰነበተና ሲመለስ አንገቱ ላይ የንክሻ ቁስል አለ፣ ምግብ አልበላም፣ ከቀርከሃው አጥር ሥር ተኝቶ ዋለ። በሦስተኛው ቀን የጎረቤታችን ልጅ (አዎ፣ የዚያው በድንበር የተኳረፍነው ጎረቤት ልጅ፣ የሰባት ዓመት) ኳሱን ሊያወጣ አጥሩ ሥር ገባ። አይተናል እጁ ላይ ነከሰው። እሪ ተባለ፣ ዱላ ተያዘ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ውሻው ሞቶ ወደ ገደል ተጥሎ ነበር።

ልጁን እዚህ ላይ ጥቂት እናቆየውና ወደ ኋላ እንሂድ።

‹‹ደመ ከልብ›› የሚለውን አባባል ሁላችሁም ሰምታችኋል። ‹‹ደሙ ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ›› ይባላል፣ የተገደለ ሰው ፍትሕ ሳያገኝ ሲቀር። ብዙዎቻችን ‹‹ከልብ›› ሲባል ልብ ነው የሚመስለን። አይደለም፤ በግዕዝ ከልብ ማለት ውሻ ነው። ደመ ከልብ፣ የውሻ ደም። በድሮው ሥርዓት ሰው ሲገደል ወገን ደሙን ይጠይቃል፣ ወይ ገዳይ ይገደላል ወይ ካሳ ይከፈላል። የማይጠየቅ ደም የውሻ ደም ብቻ ነው። እንግዲህ አባባሉ ስለ ሰው ቢሆንም ስለ ውሻው የሚናገረውን ልብ በሉ፦ ማንም አይጠይቅም፣ ማንም አይመዘግብም። በሥዕል ብቻ ክብር ያለው ‹‹ከልብ›› እናውቃለን፤ በቅዱስ መርቆሬዎስ ሥዕል ላይ የውሻ ፊት ያላቸው ገጸ ከለባት ከሰማዕቱ ጋር ይታያሉ። ያም ቢሆን ከበር መልስ ነው፤ እውነተኛው ውሻ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ከገባ ይባረራል።

ያልተመዘገበው ውሻ ግን በታሪካችን ውስጥ ራሱን ያስመዘገበበት መንገድ አለ፤ በበሽታ። እ.ኤ.አ. በ1884 በብዙ የአገራችን ክፍሎች ትልቅ የእብድ ውሻ በሽታ ወረርሽኝ እንደነበር ተጽፏል። ዘመኑ የአፄ ዮሐንስ አራተኛ ነው፤ ጎጃም ላይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ፤ አዲስ አበባ ገና አልተቆረቆረችም። በዓመቱ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1885 (እ.ኤ.አ.)፣ ፓሪስ ውስጥ ሉዊ ፓስተር ጆሴፍ ማይስተር ለተባለ ውሻ ለነከሰው የዘጠኝ ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን ክትባት ሰጠው። ልጁ 13 ጊዜ ተወግቶ ዳነ። ከዚያ በፊት ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት አልነበረውም። ምልክቱ ከታየ በኋላ ዛሬም የለውም ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ዛሬ ምልክቱ ሳይታይ የምንቀድምበት መንገድ መኖሩ ነው።

አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1903፣ ገና ወጣት ከተማ ሳለች፣ የውሻ እብደት ወረርሽኝ ገጥሟታል። እንዲህ ያለውን ታሪክ ሰብስበው ካቆዩልን አንዱ ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው፤ ስለ በሽታውና ስለ ባህላዊ ሕክምናው እ.ኤ.አ. በ1970 ጽፈዋል። መድኃኒት አዋቂዎቻችን ብሳናን፣ የምድር እምቧይን፣ ሌሎች ሥሮችንም ይጠቀሙ ነበር፤ ዛሬም በብዙ ገጠር ይጠቀማሉ። አብዛኛው የሚያስቀምጥ፣ የሚያስታውክ ነው፤ በሽታው በሰገራና በትውከት ይወጣል ተብሎ። ቫይረሱ ግን ሆድ ውስጥ አይደለም፤ ከንክሻው ተነሥቶ በነርቭ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ነው የሚጓዘው። ይህ ‹‹ቀስ እያለ›› የሚለው ነገር መድኃኒት አዋቂውን ባለዝና ያደርገዋል። ለምን? ውሻ የነከሰው ሰው ሁሉ አይታመምም፤ ውሻውም ሁሉ እብድ አይደለም። ያልታመመው ሁሉ ‹‹የዳነ›› ይባላል። የሞተው ደግሞ አይናገርም።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ በአዲስ አበባ የፓስተር ተቋም ተከፈተ። ጉለሌ ያለውን ሠፈር ዛሬም የታክሲ ረዳቶች ‹‹ፓስተር! ፓስተር!›› እያሉ የሚጠሩት ለዚህ ነው፤ ስንቶቻችን በውሻ ንክሻ የመጣ ስም መሆኑን ሳናውቅ ወርደንበታል። ተቋሙ ስሙን ብዙ ጊዜ ለውጦ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይባላል። እዚያ ለአሥርተ ዓመታት የተመረተው ክትባት ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ፣ ሆድ ላይ ለ14 ተከታታይ ቀናት፣ ከዚያም በማጠናከሪያ የሚወጋ ነበር። ያማል፤ አልፎ አልፎም የራሱ የነርቭ ጉዳት ያስከትላል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነት ክትባት እንዲቀር እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ሲመክር ኖሯል። አገራችን ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ቀጥላበታለች፤ አዲሱ ውድ፣ የድሮው እዚሁ የሚሠራ ስለነበር። መፍረድ ይቀላል። ያ መርፌ ባይኖር ግን የስንት ልጅ ሐዘን ይወጣ ነበር?

ልጁ ጋ እንመለስ። መጀመሪያ ምን ተደረገ መሰላችሁ? ቁስሉ ላይ ቡና ተነሰነሰ። እኛ የከተማ ተማሪዎች የነበርን ጊዜ እንኳ ‹‹ኧረ አይሆንም!›› ለማለት የሚሆን እውቀት አልነበረንም። ማድረግ የነበረብን ቀላል ነገር ነበር፦ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ። ሳሙና ይህን ቫይረስ ይገድለዋል። ሳሙና ደግሞ አያታችን ቤት መደርደሪያው ላይ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ስናስበው ይከነክነናል።

በማግሥቱ አባቱ ልጁን ይዞ ወደ አንድ ጤና ተቋም ሄደ። ክትባት የለም ተባለ። ሌላው ጋ ደግሞ ‹‹ውሻውን አምጡ›› ተባለ። ውሻው የት አለ? ገደል ውስጥ፣ ጅብ በልቶታል። ልብ በሉ፤ ጤነኛ የሚመስል ውሻ ሰው ሲነክስ አስሮ 10 ቀን መጠበቅ ይቻላል፤ በ10 ቀን ውስጥ ካልሞተ ሲነክስ በሽታው በምራቁ አልነበረም። ከሞተ ደግሞ አንጎሉ ተመርምሮ ይታወቃል። እኛ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሁለቱንም መንገድ በዱላ ዘጋናቸው። አይተናል አብዶ ነበር? ወይስ ሌላ ውሻ አቁስሎት፣ ሕመም ይዞት፣ ልጁ ድንገት ሲደርስበት ደንግጦ ነው? አናውቅም። መቼም አናውቅም።

አጎታችንና የልጁ አባት፣ ሁለት ዓመት ሰላምታ ያልተለዋወጡ ሰዎች፣ ልጁን ይዘው አብረው ባሕር ዳር ሄዱ። ክትባቱ ተገኘ። ልጁ ከአባቱ ጋር ዘመድ ቤት ተቀምጦ 14 ቀን ሆዱን ተወጋ። ወጪውን አያታችን ሁለት በግ ሸጠው ሸፈኑ። አይተናል ይጠብቃቸው ከነበሩት በጎች ማለት ነው። ልጁ ዛሬ ከእኛ ይረዝማል።

ሕጉ ምን ይላል ብላችሁ እንዳትጠይቁን፣ አይተነዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት፣ አምልጦትም ቢሆን፣ ኃላፊ ነው ይላል። ጥቂት አንቀጾች ወረድ ብሎ ደግሞ የቤት እንስሳ ባለቤት፣ ጥፋት ከሌለበት፣ እንስሳውን ራሱን ለተጎጂው በማስረከብ ከኃላፊነት ሊድን ይችላል የሚል አለ። ‹‹ልጅህን የነከሰውን ውሻ እነሆ ውሰድ›› ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ ይህን አንቀጽ አለማወቃቸው ጥሩ ሆነ።

አይተናል አልተከተበም ነበር። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። የአያታችን ላሞች ተከትበዋል፤ ውሻው ግን አልተከተበም፤ ማንም አላሰበውም። በኢትዮጵያ በዚህ በሽታ በየዓመቱ ከሁለት ሺህ በላይ ሰው እንደሚሞት ይገመታል፤ በዓለም 59 ሺህ ገደማ። ከ100 ሟች 99ኙን የነከሰው ውሻ ነው፤ ብዙዎቹም ሕፃናት፣ ብዙዎቹም የገጠርና የድሃ ልጆች ናቸው። አሁን ያንን የ1967 ዓ.ም. ምስል አስታውሱ፤ ውሻና የተራበ ሕፃን ተቃራኒ ሆነው የቀረቡበትን። ጥርባ ላይ ውሻው ያጣው አንድ መርፌ፣ ልጁን 14 መርፌ አስከፈለው።

አዲስ አበባ ደግሞ ለአሥርተ ዓመታት ሌላ መፍትሔ ነበራት፤ በስትሪክኒን የተመረዘ ሥጋ በሌሊት መበተን። ጠዋት ትምህርት ቤት ስንሄድ ቦይ ውስጥ ጥርሳቸው የገጠጠ ውሾች ያየን ሁሉ አንረሳውም። ጭካኔውን ትተን ሥራውን ብቻ ብናይ እንኳ አይሠራም። መርዝ የተከተበውንና ያልተከተበውን አይለይም፤ የሞተው ውሻ ቦታ ላይ ደግሞ ቆሻሻው እስካለ ድረስ ከሌላ ሰፈር አዲስ ውሻ ይመጣል። የሚሠራው አሰልቺው መንገድ ነው፤ ከ100 ውሻ 70ውን በየጊዜው መከተብ። በሽታው የሚተላለፍበት ሰንሰለት እዚያ ላይ ይበጠሳል። ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይሠሩ የነበሩ ሁለት ኢትዮጵያውያን ባለቤት ለሌላቸው እንስሳት የሚቆም ማኅበር መሥርተው በመርዝ ፋንታ ክትባትና ማምከን እንዲለመድ ሲሟገቱ ኖረዋል።

ከባሌ ይህ ሐሳብ መምጣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። እዚያ ቀይ ቀበሮ አለ፤ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ አዋቂዎች የቀሩት፣ ከእኛ በቀር ማንም የሌለው። እ.ኤ.አ. በ2003 ከውሻ የመጣ የእብደት በሽታ በዌብ ሸለቆ ካሉት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ገደማውን ጨረሰ። እዚያው ውሾች ከቀበሮዎቹ ጋር ተዳቅለውም ያውቃሉ። ‹‹ክልስ›› የሚለውን ቃል እዚህ ጽሑፍ ውስጥ በፍቅር ስንጠራ የቆየነው እኛ፣ ባሌ ላይ ግን እንፈራዋለን፤ ሁለት ውሻ ሲዳቀል አዲስ ቡችላ ነው፣ የመጨረሻዎቹ ቀበሮዎች ከውሻ ሲዳቀሉ ግን አንድ ዝርያ ይቀልጣል። በእኛ በጎጃም በጮቄ ተራራ የነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ጠፍተዋል።

አንዳንዶቻችሁ ክልስ ቡችላ ለማሳደግ አስባችሁ ይሆናል፤ በየካፌው ሞባይል ላይ ፎቶ ሲታይ እናያለን። እንኳን ደስ አላችሁ፤ ግን ዘሩን አይታችሁ ጠባዩን እንዳትተነብዩ። እ.ኤ.አ. በ2022 ከ18 ሺህ በላይ ውሾችን የመረመረ ጥናት የአንድን ውሻ ጠባይ ዘሩ የሚያብራራው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ መሆኑን አሳይቷል። እንደ በግ መሰብሰብ ያለው ነገር የበለጠ ይወረሳል፤ ቁጣና ፍቅር ግን ከዘሩ ብቻ አይተነበይም። ሙሉ ቀን በአጭር ሰንሰለት ያሰራችሁት ውሻ ‹‹ክፉ ዘር›› ሳይሆን እስረኛ ነው። ከእናቱ ሁለት ወር ሳይሞላው አትለዩት፤ ሦስት ወር ሲሆነው የእብደት ክትባቱን አስከትቡ፣ ከዚያ በየዓመቱ። የሼፐርድ ደም ካለበት ጸጉሩ ድርብ ነውና በክረምት ካልተበጠረ መዥገርና ቁንጫ ይሰፍርበታል፤ ሲያረጅ ዳሌውን ያመዋል፣ አታወፍሩት።

የምግቡ ነገር የበዓል ቀን ይብሳል። የዶሮ ወጥ ትርፍ በፍቅር የምትሰጡት ሁለት አደጋ አለው፤ የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል፣ ሽንኩርቱ ደግሞ የውሻ ደም ያበላሻል። ከዚህ የሚብሰው በግ ሲታረድ ነው። ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይታይና ‹‹ይኼ ለሰው አይሆንም›› ተብሎ ለውሻ ይወረወራል። ያ ከረጢት የትል እጭ ነው። ውሻው ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ወደ ሳሩ፣ ወደ በጉ፣ ወደ ልጁ እጅ ይሄዳል፤ ሰው ጉበት ላይም ያንኑ ከረጢት ይሠራል። ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። (እንጅባራ ኮሶበር ትባል ነበር። የትል መድኃኒት በሆነ ዛፍ የተሰየመች ከተማ አጠገብ እየኖርን ለውሻችን የትል መድኃኒት አለመስጠታችን ይገርመናል።)

ባለፈው ዓመት ጥርባ ሄደን ነበር። አያታችን አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል። ደጅ ላይ አንዲት ቡናማ ውሻ አለች፤ ቡችላ ሆና የሰጣቸው ያ ጎረቤት ነው። የድንበሩ ነገር ግን አሁንም አላለቀም፤ ቡችላ መስጠት ሌላ፣ መሬት ሌላ ነው። የግብር ደረሰኛቸውን የሚያስቀምጡበትን ፌስታል አውጥተው አሳዩን፤ በመሃሉ አንድ የክትባት ካርድ አለ። ሊከትብ የመጣው ወጣት ባለሙያ ስሟን ጠይቆ ‹‹አይተናል›› ብሎ ጽፏል። ‹‹ዝርያ›› የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ‹‹እማማ፣ ምን ልበል? ሀበሻ ናት ክልስ?›› አላቸው።

‹‹የጥርባ ናት›› አሉት። እንደዚያው ጽፎታል።